ለመሥሪያ ቤት የራሱ የሶፍትዌር ሪፖ፦ አሠራሩ፣ አያያዙና የሚበላሽበት ቦታ

ሐዋሳ ፒያሳ ላይ አንድ መሥሪያ ቤት 60 ኮምፒውተር አለው እንበል፤ ሁሉም ላይ ኡቡንቱ 24.04 ተጭኗል። እያንዳንዱ በወር 400 ሜጋባይት አፕዴት ቢያወርድ፣ ያንኑ ፋይል 60 ጊዜ እየደጋገሙ 24 ጊጋባይት ከኢንተርኔት መሳብ ማለት ነው። ይህ ወጪ ያስቆጫል፤ ከዚህ የሚብሰው ግን ባለሙያው ፍላሽ ይዞ ከክፍል ክፍል እየዞረ ሲጭን የሚመጣው ጣጣ ነው። ፋይናንስ ያለው ፕሮግራም አንድ እትም፣ የሰው ሀብት ሌላ እትም፣ አቶቴ ያለው ቅርንጫፍ ደግሞ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሦስተኛ እትም ይሆናል። አንዱ ጋ በደንብ የተከፈተ ሰነድ ሌላው ጋ ተዘበራርቆ ሲመጣ ምክንያቱን ፍለጋ ቀኑ ያልቃል። ከፍላሹ ጋር የሚዞረው ቫይረስ ሳይቆጠር ነው።

ሪፖ ማለት ኮምፒውተሮች ፕሮግራምና አፕዴት የሚወስዱበት ማከማቻ ነው፤ በውስጡ ለመጫን ተጠቅልሎ የተዘጋጀ እያንዳንዱ ፕሮግራም ፓኬጅ ይባላል። የራስ ሪፖ የሚያስፈልገው ማክሰኞ የተፈተነው ፓኬጅ ሐሙስ ዕለት በሁሉም ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ያው ራሱ፣ አንዲት ባይት ሳትለወጥበት እንዲሆን ነው። ከዚህ በታች ያለው ዝርዝር ሁሉ የሚያገለግለው ይህንኑ ነው።

መመሪያው ለኡቡንቱና ለዴቢያን የተዘጋጀ ነው። ትእዛዞችንና የፋይል ስሞችን በፊደላችን የጻፍነው እንደሚነበቡት ስለሆነ፣ ተርሚናል ላይ ሲያስገቡ በላቲን ፊደል ይጻፏቸው።

ማሽኑ፣ መብራቱና ሰዓቱ

ለ60 ኮምፒውተር ውድ ሰርቨር አያስፈልግም። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ደህና ዴስክቶፕ፣ 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ ገብቶለትና ኡቡንቱ ሰርቨር 24.04 ተጭኖበት ይበቃል። የሚወጣ ገንዘብ ካለ ስዊቹ ላይ ቢውል ይሻላል። በ100 ሜጋቢት ወደብ በሰከንድ የሚያልፈው 12 ሜጋባይት ያህል ነው፤ 60ው ኮምፒውተር እያንዳንዱ 400 ሜጋባይት ሲጎትት ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ እስከዚያው ሌላው የቢሮ ሥራ ሁሉ ይንቀራፈፋል። በጊጋቢት ወደብ ያው ሥራ በአራት ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ሰርቨሩ የሚገናኘው በኬብል ይሁን፤ ዋይፋይ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ዩፒኤስ የግድ ነው። ሪፖውን የምናስተዳድርበት አፕትሊ የሚባለው ፕሮግራም የፓኬጆቹን መዝገብ በራሱ ዳታቤዝ ይይዛል፤ እየጻፈ እያለ መብራት ከሄደ ዳታቤዙ ሊበላሽ ይችላል። «አፕትሊ ዲቢ ሪከቨር» የሚለው ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ዩፒኤሱን በዩኤስቢ ከሰርቨሩ ጋር ያገናኙና ባትሪው ሊያልቅ ሲል ማሽኑ ራሱን እንዲዘጋ «ነት» በሚባለው ፕሮግራም ያዘጋጁ። ቢሮው ወደ ሐይቁ ዳር ከሆነ በየሦስት ወሩ ክዳኑን ከፍቶ ማራገቢያውን ማጽዳት ያስፈልጋል፤ አቧራውና ማታ መብራት ለምዶ የሚመጣው ትንኝ ይደፍነዋል።

ለሰርቨሩ ቋሚ አይፒ ይስጡት፤ ኮምፒውተሮቹ ግን በስም ይጥሩት። ማሽኑ ሲቀየር ስምን ወደ አይፒ በሚመልሰው ዲኤንኤስ ላይ አንድ መስመር ማስተካከል ይበቃል፤ በአይፒ ከሆነ 60ው ጋ መሄድ ነው። ስሙ መጨረሻው «.ሎካል» አይሁን። የኡቡንቱ ዴስክቶፕ በዚህ የሚያልቅን ስም ከዲኤንኤስ ሰርቨር ሳይጠይቅ ራሱ በኔትወርኩ ላይ ሊፈልገው ስለሚሞክር፣ ሰርቨሩ እየሠራ «አላገኘሁትም» ይላል። «.ኢንተርናል» የሚለው መጨረሻ በ2024 ለውስጥ ኔትወርክ ብቻ ተብሎ የተተወ ስለሆነ «ሪፖ.ቢሮ.ኢንተርናል» ብሎ መሰየም ይቻላል።

ሰዓቱ ቀላል ይመስላል፤ እኛ አገር ግን ሪፖን ከሚያውኩ ነገሮች ዋነኛው ነው። አፕት፣ ማለትም ኡቡንቱ ፓኬጅ የሚያወርድበትና የሚጭንበት ፕሮግራም፣ የሚያወርደው የፓኬጅ ማውጫ ላይ የወጣበት ቀንና ሰዓት ተጽፏል። የኮምፒውተሩ ሰዓት ከዚያ ወደኋላ ከቀረ ማውጫው «ገና አልጸናም» ተብሎ ይጣላል። አንድ ሠራተኛ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩን 4፡00 ብሎ ቢሞላው፣ ማሽኑ በሚያውቀው አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ወደኋላ ሄደ ማለት ነው። ቀኑን በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከሞላው ደግሞ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይዘገያል። የስህተት መልእክቱ ራሱ ይነግርዎታል፤ ማውጫው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሚጸና ይጽፋል። አምስት ሰዓት ከምናምን ካለ የሰዓት አቆጣጠር ነው፤ ከ2,500 ቀን በላይ ካለ የዘመን አቆጣጠር ነው። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ሰዓቱ ወደኋላ የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 ባትሪ ሞታለች።

መድኃኒቱ ሰርቨሩን የቢሮው ሰዓት ሰጪ ማድረግ ነው። ክሮኒ የሚባለውን የሰዓት ማስተካከያ ፕሮግራም ይጫኑ፤ በማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ «አላው» ብለው የውስጥ ኔትወርኩን ክልል ይፍቀዱ፤ «ሎካል ስትራተም 10» የሚለውንም ይጨምሩ፤ ያለዚያ ኢንተርኔት ሲጠፋ ሰዓት መስጠት ያቆማል። ኮምፒውተሮቹን የሰዓት ክልላቸው አፍሪካ/አዲስ አበባ መሆኑን አረጋግጠው ወደዚህ ሰርቨር ያዙሯቸው።

ሁሉንም መገልበጥ አያስፈልግም

ብዙ ሰው ሪፖ ሲባል መጀመሪያ የሚያስበው የኡቡንቱን ማከማቻ ሙሉ በሙሉ ወደ ቢሮ መገልበጥ ነው። ለአንድ እትምና ለአንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ብቻ እንኳ ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው፤ በ10 ሜጋቢት መስመር እያንዳንዱ 100 ጊጋባይት መስመሩ ሌላ ምንም ሳይሠራ 22 ሰዓት ይፈጃል። ከወረደው አብዛኛውን ደግሞ ማንም አይጭነውም።

እኛ የምንመክረው ሁለት ነገር ጎን ለጎን ማቆም ነው። ለኡቡንቱ ፓኬጆች መሸጎጫ፣ ለራስዎ ፓኬጆችና እትማቸው እንዳይነቃነቅ ለሚፈልጓቸው ጥቂት ፕሮግራሞች ደግሞ የራስ ሪፖ።

መሸጎጫው አፕት-ካሸር-ኤንጂ ይባላል፤ ይጫናል፣ በ3142 ወደብ ላይ ይሠራል፤ 100 ጊጋባይት ቦታ ይበቃዋል። መጀመሪያ የጠየቀው ኮምፒውተር ፋይሉን ከኢንተርኔት ያስመጣል፤ የቀሩት 59ኙ ከሰርቨሩ ይወስዳሉ። ኮምፒውተሮቹ ላይ በ«/ኢቲሲ/አፕት/አፕት.ኮንፍ.ዲ/» ውስጥ የፕሮክሲውን፣ ማለትም የመሸጎጫውን፣ አድራሻ የያዘች አንዲት መስመር ማስገባት ነው። ሁለት ነገር ያስቸግራል። አንደኛው፣ በኤችቲቲፒኤስ የሚመጡ ማከማቻዎችን መሸጎጫው ሳይፈቀድለት አያሳልፍም፤ 403 ይመልሳል፤ ማዋቀሪያው ላይ «ፓስ-ስሩ-ፓተርን» በሚለው ይፈቀድለታል፤ ያኔም ያሳልፋል እንጂ አይሸጉጥም። ሁለተኛው፣ ሠራተኛ ላፕቶፑን ቤቱ ሲወስድ ፕሮክሲው ስለማይገኝ አፕዴት አይሠራም፤ ላፕቶፖች ላይ «ኦቶ-አፕት-ፕሮክሲ» የሚባለውን ፓኬጅ ይጫኑ፤ ፕሮክሲው ሲኖር ይጠቀማል፣ ሲጠፋ በቀጥታ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ስናፕን፣ ማለትም ከአፕት ውጭ የሆነውን የኡቡንቱ ሌላ የፕሮግራም ማሰራጫ፣ አይመለከትም። በኡቡንቱ ከ22.04 ጀምሮ ፋየርፎክስ የሚመጣው በስናፕ ስለሆነ፣ ሪፖ ሠርተን ለምን ፋየርፎክስ በየኮምፒውተሩ ከኢንተርኔት ይወርዳል የሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ ነው። ወደ መፍትሔው እንመለሳለን።

ፊርማው

ኮምፒውተሮቹ ሪፖውን የሚያምኑት በፊርማ ነው። የፊርማው የግል ቁልፍ የያዘ ሰው 60 ኮምፒውተር ላይ በሩት (በማሽኑ ሙሉ አስተዳዳሪ) ሥልጣን የፈለገውን መጫን ይችላል፤ ስለዚህ ከካዝና ቁልፍ ባነሰ አይያዝ።

ሰርቨሩ ላይ «አፕትሊ» የሚባል ለዚህ ብቻ የሚያገለግል ተጠቃሚ ይፍጠሩ፤ ቤቱ «/ኤስአርቪ/አፕትሊ» ይሁን። በእሱ ስም በኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያው) ገብተው የፊርማ ቁልፍ የሚሠራውን «ጂፒጂ» በሁለት ሰረዝ «ፉል-ጄኔሬት-ኪይ» ይበሉ። ለመፈረም ብቻ የሆነ አርኤስኤ፣ 4096 ቢት፣ የሚያበቃበት ጊዜ 2 ዓመት፣ የይለፍ ሐረግ ያለው ይሁን። ቁልፉን ከመፍጠርዎ በፊት የሰርቨሩ ሰዓት ትክክል መሆኑን ይዩ፤ ሰዓቱ ወደፊት ሄዶ ከነበረ ቁልፉ «ገና ያልተፈጠረ» ሆኖ ፊርማው ተቀባይነት ያጣል። ከሌላ ተጠቃሚ በሱዶ ተሻግረው ሲፈርሙ የይለፍ ሐረግ መጠየቂያው ሳይመጣ በስህተት ካቆመ፣ ጂፒጂ ተርሚናሉን አላገኘውም ማለት ነው፤ በቀጥታ በኤስኤስኤች ይግቡና «ጂፒጂ_ቲቲዋይ» የሚለውን ተለዋዋጭ ወደ ተርሚናልዎ ያመልክቱት።

የግል ቁልፉን ቅጂ በተመሰጠሩ ሁለት ፍላሾች ያድርጉ፤ አንዱ ካዝና ውስጥ፣ አንዱ ሌላ ሕንፃ። ጂፒጂ አብሮ የሚያዘጋጀው የመሻሪያ ሰነድም አብሮ ይቀመጥ። ኮምፒውተሮቹ ፊርማውን የሚያረጋግጡበትን የሕዝብ ቁልፍ ደግሞ በ«አርመር» አውጥተው መጨረሻው «.ኤኤስሲ» በሆነ ፋይል ያስቀምጡት። ይህ መጨረሻ ዋጋ አለው፦ በጽሑፍ መልክ ያለ ቁልፍ «.ኤኤስሲ»፣ በባይነሪ ያለው «.ጂፒጂ» ካልተባለ አፕት ፋይሉን አይቶ እንዳላየ ያልፈውና ቁልፍ የለም ይላል። ኮምፒውተሮቹ ላይ ሲቀመጥ ፈቃዱ 644 ይሁን፤ አፕት ሲያወርድ በሌላ ተጠቃሚ ስም ስለሚሠራ ሩት ብቻ የሚያነበው ቁልፍም እንደሌለ ነው የሚቆጠረው።

ሪፖውን ማቆም

በአፕትሊ ተጠቃሚ ስም «.አፕትሊ.ኮንፍ» ውስጥ «ሩት-ዲር»ን ወደ «/ኤስአርቪ/አፕትሊ»፣ አርኪቴክቸሩን «ኤኤምዲ64» ያድርጉ። ከዚያ «አፕትሊ ሪፖ ክሪኤት» ብለው ዲስትሪቢውሽኑ «ኖብል»፣ ኮምፖነንቱ «ሜን» የሆነ «ቢሮ» የሚባል ሪፖ ይክፈቱ። ኖብል የኡቡንቱ 24.04 መጠሪያ ነው። «አፕትሊ ሪፖ አድ ቢሮ» ብለው ፓኬጆቹ ያሉበትን ፎልደር ይስጡት።

አሁን በቀጥታ ማተም (ለኮምፒውተሮቹ ማውጣት) ይቻላል፤ አያድርጉት። በፊት ስናፕሾት ይውሰዱ። ስናፕሾት የሪፖው የዚያች ሰዓት መልክ ነው፤ ከተወሰደ በኋላ አይለወጥም። ስሙ ላይ ቀን ይኑርበት፤ ቀኑም ሁልጊዜ በአንድ አቆጣጠር ይሁን። «2017-05-10» የሚል ስም አንዱ ጥር 10 ብሎ ያነበዋል፣ ሌላው ሜይ 10። የሰርቨሩ ሎግ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጻፍ ስናፕሾቱም በዚያው ቢሆን ሁለቱን ማመሳከር ይቀላል።

ስናፕሾቱን ሁለት ቦታ ያትሙት፦ አንዱ «ቴስት»፣ ሌላው «ፕሮድ» በሚል መነሻ። ትእዛዙ «አፕትሊ ፐብሊሽ ስናፕሾት» ነው። መጀመሪያ ሲያትሙ «ኦሪጂን» እና «ሌብል» የሚሉትን አብረው ይሙሉ፤ የመሥሪያ ቤቱ አጭር ስም ይበቃል። በኋላ ቢቀይሩት ኮምፒውተሮቹ «ይህ ሪፖ ማንነቱን ቀየረ» ብለው በራሳቸው አፕዴት ማድረግ ያቆማሉ፤ አንድ ሰው በየኮምፒውተሩ ለውጡን እስኪቀበል ድረስም አይላቀቁም።

ኤንጂንኤክስ የሚባለውን የድር ሰርቨር ፕሮግራም ጭነው የሚያሳየውን ፎልደር «/ኤስአርቪ/አፕትሊ/ፐብሊክ» ያድርጉ። አንድ ደረጃ ወደ ላይ ከተሳሳቱ የቁልፉን ፎልደር ድር ላይ አወጡት ማለት ስለሆነ ይህን መስመር ሁለት ሰው ይየው። ኤንጂንኤክስ 403 ካለ ብዙውን ጊዜ የ«/ኤስአርቪ/አፕትሊ» ፈቃድ 750 ሆኖ ነው፤ 755 ያድርጉት፤ የ«.ጂኤንዩፒጂ» ፎልደር ግን 700 እንደሆነ ይቆይ። ለውስጥ ኔትወርክ ተራ ኤችቲቲፒ ይበቃል፤ ፋይሉ መንገድ ላይ እንዳልተነካ የሚያረጋግጠው ፊርማው ነው።

የራስን ፓኬጅ መሥራት

መጀመሪያ ሊሠራ የሚገባው ፓኬጅ ምንም ፋይል የሌለው ነው። ሥራው ሌሎቹን መጥራት ብቻ ነው። «ቢሮ-ዴስክቶፕ» እንበለው። አንድ ፎልደር ይክፈቱ፤ ውስጡ «ዴቢያን» የሚባል፣ በላቲን ትልልቅ ፊደል የተጻፈ ፎልደር፤ በዚያ ውስጥ «ኮንትሮል» የሚባል ፋይል። የፋይሉ ይዘት ይህን ይመስላል፦

ፓኬጅ: ቢሮ-ዴስክቶፕ
ቨርዥን: 1.4
አርኪቴክቸር: ኦል
ሜንቴይነር: የአይቲ ክፍሉ ስምና ኢሜይል
ዲፔንድስ: ሊብሬኦፊስ, ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ, አይባስ-ኤም17ኤን, ቢሮ-ኪይሪንግ
ዲስክሪፕሽን: የቢሮው መደበኛ ፕሮግራሞች

አዲስ ኮምፒውተር ሲመጣ «አፕት ኢንስቶል ቢሮ-ዴስክቶፕ» ብቻ ነው፤ ሊብሬኦፊሱ፣ የአቢሲኒካ ፎንቱ፣ አማርኛ መጻፊያው ተያይዘው ይመጣሉ፤ «ቢሮ-ኪይሪንግ» ደግሞ የሪፖውን የሕዝብ ቁልፍ የሚይዘው ፓኬጅ ነው። «አይባስ-ኤም17ኤን» ውስጥ ያለው የሴራ አጻጻፍ «ሰላም»ን በላቲን ፊደል ድምፁን እየተከተሉ የሚጽፉበት ነው። ነገ አንድ ፕሮግራም ለሁሉም ማድረስ ሲፈለግ ዲፔንድስ መስመሩ ላይ ይጨመርና ቨርዥኑ 1.5 ይሆናል፤ 60ውም ጋ ይደርሳል።

የፓኬጅ ስም በትንንሽ የላቲን ፊደላት፣ በቁጥር፣ በሰረዝ፣ በነጥብና በመደመር ምልክት ብቻ ይጻፋል፤ የታች ሰረዝ አይቀበልም። ከዲስክሪፕሽን በታች ተጨማሪ መስመር ካለ በባዶ ቦታ ይጀምራል። የፋይሉ የመጨረሻ መስመር በኢንተር መዘጋት አለበት፤ ካልተዘጋ ግንባታው ይወድቃል።

ግንባታው «ዲፒኬጂ-ዴብ» በ«ቢልድ» ነው፤ «ሩት-ኦነር-ግሩፕ» የሚለውን ምርጫ ፈጽሞ አይርሱ። ከረሱት በፓኬጁ ውስጥ ያሉት ፋይሎች ባለቤት እርስዎ ኮምፒውተር ላይ ያለዎት ቁጥር፣ አብዛኛውን ጊዜ 1000፣ ሆኖ ይሄዳል። በየቢሮው ኮምፒውተር ላይ 1000 ማለት መጀመሪያ የተፈጠረው ተጠቃሚ ነው፤ ያ ሰው ሩት ሳይሆን የሲስተም ፋይሎችን መለወጥ ይችላል ማለት ነው። ስህተት ብሎ የሚያስጠነቅቅዎ የለም።

ፓኬጁ «/ኢቲሲ» ውስጥ የሚገባ ፋይል ካለው፣ ለምሳሌ የፕሪንተር ማዋቀሪያ፣ ስሙን «ኮንፋይልስ» በሚባለው ፋይል ውስጥ ይመዝግቡት። ካልተመዘገበ ቀጣዩ አፕዴት የፋይናንስ ክፍል ያስተካከለውን ፕሪንተር ሳይጠይቅ ይደመስሰዋል።

የቁጥሩ ነገር ደግሞ ትኩረት ይፈልጋል። 1.10 ከ1.9 ይበልጣል፤ ነጥብ እዚህ የአስርዮሽ ነጥብ አይደለችም። «~» ያለበት ቨርዥን ከሌለበት ያንሳል፤ ስለዚህ የሙከራ ግንባታን «1.5~ሙከራ1» በሚመስል ቁጥር ቢያወጡት 1.5 ሲወጣ በራሱ ይተካዋል። ከሁሉ በላይ፣ አንድ ቨርዥን አንዴ ከወጣ በኋላ ይዘቱ አይነካም። አንዲት ፊደል ብቻ ላርም ብለው በዚያው ቁጥር መልሰው ከገነቡት፣ አፕትሊ ግጭት አለ ብሎ አልቀበልም ይላል፤ በግድ ቢያስገቡት ደግሞ ግማሹ ኮምፒውተር ላይ የበፊቱ፣ ግማሹ ላይ አዲሱ ይሆንና ሁለቱም 1.4 ነኝ ይላሉ። ቁጥር ነፃ ነው፤ 1.4.1 ይበሉት።

የሚሸጥ ሶፍትዌር ፈቃድ ሳይኖር ሪፖ ውስጥ አይግባ። አቢሲኒካ ፎንት በነፃ ማሰራጨት የሚፈቅድ ፈቃድ አለው፤ ሌላው ሁሉ እንደዚያ አይደለም፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት ጥበቃ ያለው ሥራ ነው።

ኮምፒውተሮቹን ማገናኘት

በየኮምፒውተሩ ሦስት ነገር ይቀመጣል። የሕዝብ ቁልፉ በ«/ኢቲሲ/አፕት/ኪይሪንግስ/» ውስጥ፤ «ቢሮ.ሶርስስ» የሚባል ፋይል በ«ሶርስስ.ሊስት.ዲ» ውስጥ፤ የቅድሚያ ፋይል በ«ፕሪፈረንስስ.ዲ» ውስጥ። የሶርስስ ፋይሉ ስድስት መስመር ነው፦ ዓይነቱ «ዴብ»፣ አድራሻው የሰርቨሩ ስምና «ፕሮድ»፣ ስዊቱ «ኖብል»፣ ኮምፖነንቱ «ሜን»፣ አርኪቴክቸሩ «ኤኤምዲ64»፣ «ሳይንድ-ባይ» የቁልፉ ሙሉ መንገድ። «አፕት-ኪይ» የሚለው የድሮ ትእዛዝ ቁልፉን ለሁሉም ማከማቻ ስለሚያሳምን ተትቷል፤ አይጠቀሙበት። መሸጎጫውንም ከጫኑ ለራስዎ ሪፖ ስም «ዳይሬክት» የሚል መስመር ይጨምሩ፤ ያው ሰርቨር ላይ ያለን ፋይል በፕሮክሲ አዙሮ መውሰድ ትርጉም የለውም። ከአምስት ኮምፒውተር በላይ ከሆነ ሥራውን ብዙ ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ በሚያዋቅረው በአንሲብል ያድርጉት።

የቅድሚያ ቁጥሩ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነው። ማንኛውም ማከማቻ ሳይነገረው 500 አለው፤ እኩል ከሆኑ ከፍ ያለው ቨርዥን ያሸንፋል። ሊብሬኦፊስን በፈተኑት እትም ማቆየት ከፈለጉ ለራስዎ ሪፖ 600 ይስጡት፤ ያኔ ኡቡንቱ አዲስ ቢያወጣም ኮምፒውተሮቹ የእርስዎን ይመርጣሉ። ይህ ማለት የሊብሬኦፊስ የደህንነት እርማት ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎ ኃላፊነት ሆነ ማለት ነው፤ ሪፖ ውስጥ የተረሳ አሮጌ ፓኬጅ 60 ኮምፒውተር አሮጌ ላይ ቸንክሮ ይይዛል። ስለዚህ እዚያ የሚገባው በእጅ ጣት የሚቆጠር ይሁን። የኡቡንቱ የደህንነት አፕዴት በመሸጎጫው በኩል ሳይጠብቅ ይለፍ። አንድ ፓኬጅ ከየት እንደሚመጣ ሲያጠራጥር «አፕት-ካሽ ፖሊሲ» ብሎ ስሙን መስጠት ነው፤ ምንጩንና ቁጥሩን አብሮ ያሳያል።

ወደ ፋየርፎክስ እንመለስ። ሞዚላ የራሱ የአፕት ማከማቻ አለው፤ «አፕትሊ ሚረር ክሪኤት» ብለው ከዚያ ማምጣት ይቻላል። ማጣሪያ ሳይሰጡ ካዘዙት የሙከራ እትሞቹን ጨምሮ በዚያ ያለው ሁሉ ይወርዳል፤ ስለዚህ ማጣሪያው ላይ ስሙንና የሚፈልጉትን ዝቅተኛ እትም ይጻፉ። በ600 ግን አይጫንም። ኡቡንቱ ያስቀመጠው ወደ ስናፕ የሚያሻግረው ባዶ ፓኬጅ ቨርዥኑ «1:» ብሎ ስለሚጀምር ከማንኛውም እውነተኛ የፋየርፎክስ ቁጥር ይበልጣል፤ እሱ ተጭኖ ካለ የእርስዎ እንደ ወደኋላ መመለስ ይቆጠራል። ወደኋላ መመለስን የሚፈቅደው 1000 እና ከዚያ በላይ ነው። ለፋየርፎክስ ብቻ፣ ስሙን ጠቅሰው፣ 1000 ይስጡት። ለሁሉም ፓኬጅ 1000 መስጠት ግን ሪፖዎ ውስጥ ያለ አሮጌ ነገር ሁሉ አዲሱን እንዲያፈናቅል መፍቀድ ነው።

በራሱ የሚጭነው «አንአተንድድ-አፕግሬድስ» ሳይነገረው የኡቡንቱን የደህንነት አፕዴት እንጂ የእርስዎን አይነካም። በማዋቀሪያው ላይ ቀድሞ የሞሉትን ኦሪጂን ይጨምሩለት።

ከቴስት ወደ ፕሮድ

አራት ኮምፒውተር «ቴስት»ን ይመልከት፤ አንዱ ፋይናንስ፣ አንዱ ብዙ የሚታተምበት ክፍል፣ አንዱ መዝገብ ቤት፣ አንዱ አይቲ። የአይቲ ክፍል ኮምፒውተር ብቻውን ምንም አይፈትንም፤ እዚያ ማንም ደመወዝ አይሠራም። ሰኞ አዲስ ስናፕሾት ይወሰድና «አፕትሊ ፐብሊሽ ስዊች ኖብል ቴስት» ብሎ የስናፕሾቱን ስም ማስከተል ነው። እስከ ሐሙስ ቅሬታ ካልመጣ ያው ስናፕሾት፣ እንደገና ሳይወሰድ፣ ወደ ፕሮድ ይዞራል። ሐሙስ ዕለት አዲስ ስናፕሾት ከወሰዱ ግን ያልፈተኑትን ነው የሚያሰራጩት። ደመወዝ በሚሠራበት የወሩ መጨረሻ ሳምንት ምንም አይዙር።

ነገሩ ከተበላሸ በዚያው ትእዛዝ ወደ ቀድሞው ስናፕሾት ይመልሱት። ይህ ግን ያልጫኑትን ያድናል እንጂ የጫኑትን አይመልስም፤ አፕት በራሱ ወደ ዝቅተኛ ቨርዥን አይወርድም። 60ውን በእጅ ከማዞር የድሮውን ይዘት ከፍ ባለ ቁጥር መልሶ ማውጣት ይቀላል፤ ዴቢያኖች «2.1+ሪሊ2.0» በሚመስል ቁጥር የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ቁጥሩ ከ2.1 ይበልጣል፣ ውስጡ 2.0 ነው።

ስድስት ስናፕሾት ያህል ይኑርዎት፤ ከዚያ ያረጁትን ጥለው «አፕትሊ ዲቢ ክሊንአፕ» ይበሉ። ስናፕሾት መጣል ብቻውን ዲስክ አያስለቅቅም።

ይርጋዓለም ያለው ቅርንጫፍ

መስመሩ ቀጭን ለሆነ ቅርንጫፍ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር በቂ ነው፤ አፕትሊም የግል ቁልፍም አያስፈልገውም፤ የ«ፐብሊክ» ፎልደር ቅጂና ኤንጂንኤክስ ብቻ። ቅጂው ማታ ፋይል በሚገለብጠው ፕሮግራም በአርሲንክ ይሂድ፤ በቅደም ተከተል ግን፦ መጀመሪያ ፓኬጆቹ ያሉበት «ፑል»፣ ቀጥሎ ማውጫው ያለበት «ዲስትስ»፣ ያረጁትን መሰረዝ በመጨረሻ። ማውጫው ቀድሞ ከደረሰና መስመሩ መሐል ላይ ከተቋረጠ፣ ኮምፒውተሮቹ ጠዋት ያልመጣ ፋይል ይጠይቃሉ። «ሃሽ ሰም ሚስማች» የሚለው ስህተትም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ማውጫውና ፋይሎቹ ከተለያየ ቀን ሲሆኑ፣ ወይም መሐል ላይ ያለ ፕሮክሲ የቆየ ቅጂ ሲሰጥ ነው።

መስመሩ ጭራሽ ካልቻለ ፎልደሩን በውጭ ዲስክ ገልብጦ በሚኒባስ መላክ ይቻላል። ዲስኩ በማን እጅ እንዳለፈ አያሳስብም፤ ቅርንጫፉ ያሉት ኮምፒውተሮች ፊርማውን በያዙት ቁልፍ ስለሚመረምሩ የተነካ ነገር ካለ አይጭኑትም።

ቁልፉ ሊያበቃ ሦስት ወር ሲቀረው ጊዜውን ያራዝሙና የታደሰውን የሕዝብ ቁልፍ «ቢሮ-ኪይሪንግ» በተባለው ፓኬጅ ውስጥ አድርገው በዚያው ሪፖ ይልቀቁት። ቁልፉ ገና እየሠራ ስለሆነ ፓኬጁ በሰላም ይደርሳል። ካበቃ በኋላ ከሆነ ግን አዲሱን ቁልፍ የሚያደርሰው ሪፖ ራሱ አይታመንም፤ ሁሉም ኮምፒውተር ጋ፣ ይርጋዓለምን ጨምሮ፣ መሄድ ነው። ቀኑን በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር ጽፈው ሰርቨሩ ላይ ይለጥፉት።

በየሳምንቱ አርብ የኤንጂንኤክስን ሎግ ይክፈቱ። ማውጫውን በ14 ቀን ውስጥ አንዴም ያልጠየቀ ኮምፒውተር ካለ ወይ ጠፍቷል፣ ወይ ሰዓቱ ተዛብቷል፣ ወይ አንድ ሰው ፋይሉን አንስቶበታል። በርቀት አይገምቱት፤ ያለበት ድረስ ሄደው «አፕት አፕዴት» ይበሉና የሚለውን ያንብቡ።